ከጭነት መኪና ላይ የታዩ ዛፎች

ልጅ ሳለሁ በሌላው ቤት ማታ ማታ የሚወራው የጅብና የጦጣ ተረት ነበር፤ እኛ ጋ ግን የሚወራልን ስለ ዛፍ ነው። የምታወራልን የአባቴ እህት ዘሀራ ስትሆን፣ እኛ የወንድሟ ልጆች እቴቴ እንላት ነበር። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የሰፋሪዎች መንደር ውስጥ፣ ከእኛ ቤት ጀርባ፣ የሣር ክዳን ያላት አንዲት ጎጆ ነበረቻት። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ብዙው ሰፋሪ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ወሎ ሲመለስ ባሏም አብሮ ተመልሷል፤ እሷ ግን አልሄድም ብላ ቀረች። ለምን እንደቀረች እኛ ልጆቹ አናውቅም፤ ትልልቆቹም እኛ ባለንበት አያነሱትም ነበር።

ያኔ መንደራችን መብራት አልነበረውም። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እራት እስኪደርስ ባለው ጊዜ፣ እኔና ታናናሾቼ እቴቴ ጎጆ ገብተን ምድጃው ዙሪያ እንቀመጣለን። የምታነደው ሽመል ነው፤ በአሶሳ ዙሪያ ኮረብታውን ሁሉ የሚያለብሰው ቀጭኑ ቀርከሃ። ሽመል ሲነድ አንጓው ውስጥ የታፈነው አየር በሙቀት እየፈነዳ ድንገት ይጮኻል፤ እኛ እንሳሳቃለን፣ እሷ ግን በጮኸ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ ቀስ ብሎ በክዳኑ መሐል ሾልኮ ይወጣል፤ ምሰሶው ላይ የተሰቀለችው ኩራዝ ነፋስ ሲነካት ጥላችንን ግድግዳው ላይ ታስረዝመዋለች። ነበልባሉ ወርዶ ፍሙ ሲቀላ እቴቴ በእንጨት ትቆሰቁሰውና «እሺ፣ መኪናው ላይ ወጥተናል» ትላለች። ያኔ ሁላችንም ወደ ምድጃው እንጠጋለን።

ተረቱ የመንገድ ተረት ነው። በረኃቡ ዘመን ለሰፈራ ከወሎ በጭነት መኪና ተጭና ስትመጣ ያየቻቸውን ዛፎች በቅደም ተከተላቸው ትጠራልናለች። ወዴት እንደሚወስዷቸው የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ከአገሯ ምን ያህል እንደራቀች የምታውቀው በዛፍ ነበር። «ጽድ» ትላለች፤ «አናውቀውም» እንላለን። «ወይራ» ትላለች፤ «አናውቀውም» እንላለን። እዚያው ቆላ ለተወለድነው ለእኛ ጽድና ወይራ ተረት ውስጥ ብቻ ያሉ ነገሮች ነበሩ፤ እኔማ ጽድን ለብዙ ጊዜ ክንፍ ያለው አድርጌ አስበው ነበር። ቀጥላ ባሕር ዛፍ፣ ግራር፣ ዋንዛ ስትል እነዚህን እሷም እኛም ስለምናውቃቸው እኩል «እናውቀዋለን» እያልን እንጮኻለን። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ የምታውቃቸው ዛፎች እየሳሱ የማታውቃቸው ይመጣሉ። እነዚያን የምትጠራቸው በመልካቸው ነው። «እንደ ባቄላ እሸት ያለ ቡናማ ፍሬ ያለው፣ መንገድ ዳር የቆሙት ልጆች እየመጠጡ ፊታቸውን የሚያጨማድዱበት» ስትለን «ሁመር» እንላታለን፤ አፋችን ውስጥ ጎምዛዛ ምራቅ እየሞላ። «ሰፈሩን ሙሉ የሚያጠላ፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ» ስትል «ማንጎ» ብለን እንስቃለን፤ ማንጎ የማያውቅ ሰው መኖሩ ይገርመን ነበርና።

ለእሷ እንግዳ የነበረው ዛፍ ሁሉ ለእኛ የጓሮ ዛፍ ነበር። እሷ መልኩን፣ እኛ ስሙን እያዋጣን መንገዱን እንጓዘዋለን። ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስንደርስ ይቆማል። «ከዚያ አንድ ዛፍ ጋ ደረስን» ትልና፣ «ከዚያ በኋላ ዛፍ አላየሁም። በሉ፣ እናታችሁ ትጠራችኋለች» ትለናለች። የዚያን ዛፍ መልክ አንድም ቀን ነግራን አታውቅም። ታናናሾቼ ይህ ምንም አይመስላቸውም፤ እኔ ግን ከተረቱ አንድ ነገር እንደተደበቀብኝ ይሰማኝና ወደ ቤት ስሄድ እበሳጭ ነበር።

ከመንደራችን በታች በሚወርደው ወንዝ ዳር አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። ከቅርንጫፎቹ ላይ በረጅም ገመድ የታሰረ የሚመስል፣ የሰው ክንድ የሚያህል፣ ቅል መሳይ ፍሬ ይንጠለጠልበታል። አበባው እንደ ረጋ ደም የጠቆረ ቀይ ነው፤ ሽታውም አይወደድም። ፍሬው ከባድ ስለሆነ ሰው ላይ ቢወድቅ ይጎዳል ተብሎ ከሥሩ እንዳንቀመጥ እንከለከል ነበር። እቴቴ ግን የምትሸሸው መቀመጡን ብቻ አልነበረም። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሌላው ሰው ሁሉ የሚሄድበትን ቀጥተኛ መንገድ ትታ፣ እንስራዋን እንዳዘለች ዙሪያውን ዞራ በድንጋያማው ዳገት በኩል ትመጣ ነበር። አንዴ ለምን እንደሆነ ብጠይቃት «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» አለችኝ።

አንድ ቀን ከዚያ ዛፍ ሥር የወደቀ ፍሬ አገኘሁ። እኛ ሴቶቹ ልጆች በጨርቅ ጠቅልለን፣ እንደ ሕፃን አዝለን እንጫወትበት ነበር፤ ቅርጹ ለዚያ ይመቻል። እኔም አዝዬው፣ እሹሩሩ እያልኩ ወደ እቴቴ ጎጆ ገባሁ። ጀርባዬ ላይ ያለውን አየች። አልተቆጣችኝም። መጣችና ጨርቁን ፈትታ ፍሬውን አወረደችው፤ በሁለት እጇ ታቅፋው ትንሽ ቆየችና ቀስ ብላ በሩ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠችው። በዚያ ምሽት ታናናሾቼን ወደ ቤት ልካ እኔን ብቻ አስቀረችኝ። ሽመሉ ነዶ ነዶ ጩኸቱን ጨርሷል፤ ፍሙ ብቻ ነው የቀረው።

«ሉባባ የምትባል ልጅ ነበረችኝ» አለችኝ። «ገና ጡት አልጣለችም ነበር።»

ወንዶቹ ቀድመው ተጭነው ስለነበር ባሏም፣ ወንድሟ አባቴም አብረዋት አልነበሩም። መኪናው ላይ ያሉት ከየወረዳው የተሰበሰቡ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ነቀምትን ካለፉ በኋላ ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። እቴቴ ከፊት ያለውን የጋቢና ጣሪያ በመዳፏ እየደበደበች ቆም እንዲሉላት፣ ውኃ እንኳ እንድትቀዳላት ለመነች። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ታጣቂ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አይቆምም» አላት። ደጋግማ ደበደበች፤ ደጋግሞ «አይቆምም» አላት። ሲነጋ ሉባባ ጡት መያዝ ተወች፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ደግሞ መተንፈስ ተወች። ያኔ መኪናው ቆመ፤ የቆመው ግን ለእሷ ብሎ አልነበረም፤ የፊተኛው መኪና ጎማ ፈንድቶ ነው። ጎማው እስኪቀየር ሴቶቹ አብረዋት ወርደው በእጃቸውና በእንጨት አፈሩን ቆፈሩላት። ከበላያቸው እነዚያ ቅል መሳይ ፍሬዎች ተንጠልጥለው ነበር። ከዛፉ ጀርባ ለሁለት የተሰነጠቀ ቋጥኝ አለ፤ ከመሬት ስትነሣ የተደገፈችው እሱን ነው።

«መኪናው ሊነሳ ሲል» አለችኝ፣ «ያንን ታጣቂ ሰውዬ እጁን ያዝኩና ‹ወንድሜ፣ የዚህ አገር ስሙ ማን ነው?› አልኩት። ‹ምን ያደርግልሻል?› አለኝ። ይህንኑ ብሎኝ ወደ መኪናው ገፋኝ።»

ከዚያ በኋላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ መኪናው ወለል ላይ ተኛች። ዝናብ ያዘ፤ መኪኖቹ ጭቃ ውስጥ እየሰመጡ፣ እየተገፉ፣ ቆመው እያደሩ ብዙ ተንገላቱ። ፊቷን የገለጠችው እኛ መንደር ላይ «ውረዱ» ሲባል ነው። ከዚያ ዛፍ እስከ መንደራችን ያለው መንገድ ለእሷ ማለቂያ አልነበረውም።

ያን ጊዜ አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። ልጅ ሆኜ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። «ያ ሰውዬ ስሙ ማን ነው?» አልኳት።

«እንጃ፣ ልጄ።»

«አልጠየቅሽውም?»

«የአገሩን ስም ያልነገረኝ ሰው የራሱን ይነግረኛል?»

«ለዚህ ነው ወሎ ያልተመለስሽው?»

ፍሙን በአመድ እየሸፈነች «የት እንዳለች ሳላውቅ ጥያት ልሂድ?» አለችኝ። «እዚህ ብሆን ይሻላል። የትም ትሁን የት፣ ከወሎ ይልቅ እዚህ ብሆን ነው የምቀርባት።»

በጨለማው ወደ ቤት ስመለስ በልጅ ልቤ ያንን ሰውዬ ፈልጌ ሳገኘው ይታየኝ ነበር። ከመኪና አውርጄ፣ አንድም የሚያውቀው ዛፍ የሌለበት አገር ላይ ጥዬው ስሄድ፣ ከኋላዬ ሆኖ የቦታውን ስም እየጠየቀ ሲጮኽ፣ እኔ ዞር ሳልል። እንቅልፍ የወሰደኝ ይህንን እያሰብኩ ነው።

አደግሁ፤ ተማርኩ፤ አዋላጅ ነርስ ሆኜ አሶሳ ሥራ ያዝኩ። እቴቴ መንደሯን አልለቀቀችም። ጓሮዋ ያፈራውን በርበሬ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሯ ባምባሲ ገበያ እየወሰደች ትሸጣለች። ከባምባሲ ወዲያ ግን አንድ እርምጃ አልፋ አታውቅም። ወሎ ያለ ዘመድ ሲሞት እንኳ እንድትሄድ ሲለምኗት «ያንን መንገድ አላየውም» ትል ነበር። ከጊዜ በኋላ ዓይኗ ዳመነ፤ አንደኛው ጨርሶ ጠፋ፣ ሌላኛውም ደከመ።

«ነቀምት የዓይን ሐኪም አለ፤ ልውሰድሽ» እያልኩ ብዙ ጊዜ ለመንኳት። ሁልጊዜ እምቢ ነው። ከዚያ ጸጥታው ደፍርሶ መንገዱ ለጊዜው ተዘጋና እኔም መለመኑን ተውኩ። መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ልጠይቃት ስሄድ ግን ራሷ አነሳችው።

«ነቀምት የሚኬደው በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

«በባምባሲ፣ ከዚያ በመንዲ።»

«እንግዲያው ጨርሶ ሳይጠፋ ውሰጂኝ።»

ዓይኗን ለማሳከም መስሎኝ ነበር።

ሚኒባስ ውስጥ የሚያየው ዓይኗ ወደ መስኮቱ እንዲሆን አድርጋ ተቀመጠች። ባምባሲ ላይ ሰው ወርዶ ሰው ሲጫን እጄን ያዘች፤ መኪናው ከከተማው ሲወጣም አልለቀቀችኝም። ቀስ ባለ ድምፅ ዛፎቹን መጥራት ጀመረች። አሁን የአብዛኞቹን ስም ታውቃለች፤ ማንጎ፣ ሁመር፣ ሽመል። ሽመሉ ግን ሳስቷል፤ ልጅ ሳለሁ ሰው የማያሳልፍ የነበረው ኮረብታ ተራቁቶ ከዳገቱ ሥር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። እሷ ይህንን አላየችም፣ ወይም አይታ ዝም አለች። የምትፈልገው ሌላ ነበር።

ከባምባሲ ብዙም ሳንርቅ መንገዱ አንዲት ትንሽ ድልድይ ላይ ይታጠፋል። እቴቴ እጄን ጠበቅ አድርጋ «አስቁሚው» አለችኝ። ዞሬ ሳይ ያ ቅል መሳይ ፍሬ ያለው ዛፍ ነው።

«እቴቴ፣ ይኼ ዛፍ እኮ እዚህ አገር የትም አለ» አልኳት።

«ድንጋዩን እይው።»

ከዛፉ ጀርባ ለሁለት የተሰነጠቀ ትልቅ ቋጥኝ ቆሟል።

«ወንድሜ፣ አንዴ ቁምልን» አልኩት ሾፌሩን።

«እዚህ አይቆምም» አለ፣ ዞር ሳይል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጎልማሳ፣ ቤተሰብ ያለው የሚመስል ሰው ነው። «ኬላ ሳይዘጋ መንዲ መድረስ አለብኝ። ሽንት ከሆነ ትንሽ ታገሡ፣ ወደፊት አወርዳችኋለሁ።»

ያኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ጣሪያው ጭንቅላቴን እየመታኝ፣ የመኪናውን ጎን በመዳፌ ደበደብኩት። «ይህቺ ሴት እዚህ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ አይቆምም ተብላለች» አልኩ። «ልጇ በእጇ ላይ እየሞተች አይቆምም ተብላለች። ልጇን የቀበረችው እዚያ ዛፍ ሥር ነው። ዛሬ ደግሞ አይቆምም ትላታለህ?»

ከኋላ፣ ባምባሲ ላይ ቅርጫት ይዘው የተሳፈሩ አንዲት የወለጋ ሴትዮ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሾፌር፣ አዮ ይውረዱ» አሉ፤ በእነሱ ቋንቋ ትልቅ ሴት እንደዚያ ነው የሚጠሩት። «እኛ እንጠብቃለን። የቸኮለ ካለ በእግሩ ይሂድ።»

ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩንም አጠፋው።

እቴቴን ደግፌ ወረድን። ሴትዮዋም ተከተሉን። ከዛፉ ባሻገር ማሽላ እያረመ የነበረ አንድ ሽማግሌ መኮትኮቻውን ይዞ ወደ እኛ መጣ። ሐሚድ ይባላል፤ የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛን በኋላ እንደተማረ ብዙ ሰው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚለው።

«ሰላም ነው? ምን ጠፋ?» አለን።

«መቃብር እየፈለግን ነው» አልኩት። «ድሮ፣ ሰፋሪ የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ የተቀበረች ሕፃን።»

ሐሚድ እቴቴን ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። «አንተ ነህ እናቱ?» አላት።

እቴቴ «አዎ» ለማለት ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«አባቴ ነው ያየው» አለ። «መኪና መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። አባቴ መጣ፣ አፈሩ አዲስ ነው፣ ትንሽ ነው። ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ አደረገ። ‹ይኼ የመኪናው ልጅ ነው፣ ማረስ የለም› አለ። እኔም አላረስኩም። ልጄም አያርስም።»

ሣሩን በመኮትኮቻው ገለጠው። የተቆለሉ ትንንሽ ድንጋዮች ታዩ፤ የድንጋይ ሽበት ያበቀሉ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ የገቡ። ከጎኑ ሌላ ክምር አለ። ከዚያም ወዲያ ሌላ።

«እነዚህስ?» አልኩት።

«ሌላ መኪና ነው» አለኝ። «መኪና ብዙ ነው። ሁሉም የሰው ልጅ ነው፣ ግን ማንም አልመጣም። አሁን እናንተ መጣችሁ።»

እቴቴ ተንበርክካ መዳፏን ከመጀመሪያው ክምር ላይ አሳረፈች። ሐሚድ መኮትኮቻውን አስቀምጦ እጆቹን ዘረጋና አብረው የቁርኣኑን ፋቲሓ ቀሩ። የወለጋዋ ሴትዮ ጴንጤ ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው በራሳቸው ጸሎት አጠገባቸው ቆሙ። ዞር ስል ሾፌሩም ወርዶ መንገዱ ዳር ቆሞ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

እቴቴ ቀና ብላ «የዚህ አገር ስሙ ማን ነው?» አለችው ሐሚድን።

«በልሺጉ።»

«በልሺጉ» አለች። እንደገና ለራሷ ደገመችው፤ እንዳይጠፋባት የምታስቀምጠው ይመስል። ከዚያ «ባምባሲ ከዚህ ሩቅ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ሩቅ አይደለም። ገበያ እንሄዳለን በእግር። ጠዋት ሄደ፣ ከሰዓት ተመለሰ።»

«ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ።»

«እኔም ቅዳሜ እዚያ ነበርኩ» አለች እቴቴ። «በርበሬ እሸጥ ነበር።»

ሐሚድ መሬት መሬቱን እያየ «እናቴ በርበሬ እዛ ነው የሚገዛው» አለ።

እቴቴ ተነሣች። ረድቻት አይደለም፤ ራሷ ተነሣች። ሽማግሌውን አየች፣ መንገዱን ወደ ባምባሲ በኩል አየች። «በእግሬ እመጣ ነበር እኮ» አለች። «በርበሬዬን ሸጬ በእግሬ እመጣ ነበር። በየሳምንቱ። ይህን ሁሉ ዘመን።» ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ፤ እቴቴ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። በመዳፏ የዛፉን ግንድ መታችው፤ ደግማ መታችው። «አንድ ቃል ነበር» አለች። «አንድ ቃል ብቻ ነበር ያጣሁት።» እንባ አልነበራትም። ሥራዬ ሆኖ ብዙ ሴት ስታምጥም ስታዝንም አይቻለሁ፤ እንደዚያ በንዴት የምትንቀጠቀጥ ሴት ግን አላየሁም። ሴትዮዋ ከኋላዋ አቅፈው ያዟት፤ «ልክ ነዎት፣ አዮ፤ ልክ ነዎት» ብቻ ይሏት ነበር። ተረጋጊ፣ እግዜር ያውቃል፣ አለፈ፣ አላሏትም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ወደ ሚኒባሱ ስንመለስ፣ ወደ መንደር እንድንዞር ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኋት። «አይ፣ ነቀምት እንሂድ» አለችኝ። «አሁን ዓይኔን ያክሙኝ።» ታከመች፤ ዳነላትም። ዛሬ ከገበያ በኋላ መኪና እየተሳፈረች በልሺጉ ትወርዳለች። የሐሚድ ልጆች ሲያዩዋት ሮጠው ይመጣሉ፤ ድንጋዮቹን ዳግም አስተካክላ፣ ሣሩን ነቅላ፣ ለሌሎቹም ክምሮች እንደዚያው አድርጋ ትመለሳለች።

ይህንን ሳወራ ሰዎች ዘመኑ ከባድ ነበር ይሉኛል። ረኃብ ነበር፤ ታጣቂውም የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነበር፤ እሱም ደክሞት ይሆናል። ይህን ሁሉ እሰማለሁ። ረኃቡን እሱ አላመጣውም፤ መኪናውንም እሱ አልላከውም፤ ልጅቷንም ምናልባት ማዳን አይችልም ነበር። የቦታውን ስም ግን ያውቅ ነበር፤ ባያውቅ ሾፌሩን መጠየቅ ይችል ነበር። ያንን እንዳይናገር ያዘዘው ሰው የለም። የመለሰላት በገዛ ራሱ ነው፤ ልጇን የቀበረች ሴት የቦታ ስም ምን ያደርግላታል ብሎ አስቦ ነው። ይህን «ምን ያደርግልሻል» የሚል ንግግር ደግሞ እሱ ይዞት አልሞተም። በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት፣ በየወረፋው፣ ነጭ ጋውን በለበስነው በእኛም አፍ ሲባል እሰማዋለሁ። አንዲት ታካሚ የምትወስደው መድኃኒት ስሙ ማን እንደሆነ ስትጠይቅ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንደዚያ ሲመልስላት ሰምቼ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ተቆጣሁት። ከልጅነቴ ምሽቶች ምን ቀረልሽ ቢሉኝ ጭሱም፣ ኩራዙም፣ የሽመሉ ጩኸትም ቀርተውልኛል። ከሁሉ በላይ የቀረልኝ ግን ያ ንዴት ነው፤ ሲያረጅም ሲበርድም አላየሁት፤ እንዲበርድም አልፈልግም።

ስለ ሌሎቹ ክምሮች ማሰብ ያልተውኩት ለዚህ ነው። በሥራ ምክንያት በየሰፈራ መንደሩ ስዞር አሮጊቶቹን በመንገድ ላይ ልጅ ቀብረው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ወሎ ተመልሰዋል። አንዳንዶቹ ነገሩን ሲሰሙ ወሬ ይለውጣሉ፤ አንዷ ሴት በሩን ዘጋችብኝ። በቅርቡ ግን ከእኛ ቀጥሎ ባለው መንደር ያሉ እትዬ ሰፊያ የሚባሉ ሴት እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና ነጠላቸውን አንሥተው «እንሂድ» አሉኝ።

በልሺጉ ላይ ወረድን። እትዬ ሰፊያ ዛፉን ከታች እስከ ላይ አዩት፤ የተንጠለጠሉትን ፍሬዎች፣ ቋጥኙን፣ ክምሮቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ይኼ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። «የእኔው ዛፍ እሾህ ነበረው።»

መንገድ ዳር ቆመን ወደ መንዲ የሚሄድ መኪና ለመንን። እሳቸውን በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኋቸው፤ መኪናው ሲነሣ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው ዛፎቹን ማየት ጀመሩ።